ያልተገመገመው ውሃ

አንድ ቀን በአንዲት ትንሽ ከተማ የውሃ ጽሕፈት ቤት ግምገማ ተጠራ። የሚገመገመው መሐንዲሱ ሽታሁን ነው። ጥፋቱ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ሥራ አስኪያጁ አቶ ገረመው ለጽሕፈት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ራሳቸው መርጠው ያስገዙትን ፓምፕ አይቶ «ይሄ አቅሙ ትንሽ ነው፤ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ውሃ አይገፋም» ብሎ በሰው ፊት ተናግሯል።

ፓምፑ ከተገጠመ ሰንብቷል። አራተኛ ፎቅ ያለው ቧንቧ ሲከፈት ፊው ይላል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለም። አቶ ገረመው «ጊዜ ስጡት» ይላሉ። ሠራተኛውም ጊዜ ይሰጠዋል። የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከቤቱ በጀሪካን ውሃ ይዞ ሲመጣ ያየ ሰው ግን ምን እንደሚል እግዜር ይወቀው።

ሽታሁን ወደ ስብሰባው ሲወጣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ የሺመቤት ደረጃው ላይ ጠበቁት።

«ስማኝ ወንድሜ፣ እውነትህን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ግን ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ። ጥፋቴን አላምንም ካልክ ቆላ ወዳለው የውሃ ጉድጓድ ጣቢያ ሊያዛውሩህ ነው። ሚስትህ አራስ ናት። ዛሬ ሂሱን ዋጥ አድርግና ቤትህ ግባ።»

«እውነትህን ነው ያሉትን እላይም ይሉልኛል?»

«እላይማ ሌላ ነው» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

እላይ፣ አራተኛ ፎቅ አዳራሽ ውስጥ፣ አንዱ ተነስቶ «ጨለምተኛ ነው» አለ። ሌላው «የአመለካከት ችግር አለበት» አለ። ወይዘሮ የሺመቤትም ተራቸው ሲደርስ ወለሉን እያዩ «ለአለቃ ያለው አክብሮት ላላ ያለ ነው» አሉ። ስለ ፓምፑ ያነሳ ሰው አልነበረም።

አቶ ገረመው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እህስ ሽታሁን፣ የተባለውን ትቀበላለህ?»

ሽታሁን ተነሳና ኮቱን ቆለፈ። «እቀበላለሁ። ውሃው አይወጣም ያልኩት የአመለካከት ችግር ስላለብኝ ነው።»

«ከልብህ ነው?»

«ከልቤ ነው።»

«እንግዲያው ውሃው አራተኛ ፎቅ ይወጣል ብለህ ታምናለህ?»

«አምናለሁ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ወይዘሮ የሺመቤት እፎይ አሉ። አቶ ገረመውም ደስ አላቸውና ድምፃቸው እንደ አባት ለስለስ አለ።

«ታዲያ ይህንኑ ቀድሞ ብትል ምን ነበረበት ልጄ? በል ተቀመጥ። የቀረ ነገር አለ?»

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለ ሽታሁን ሳይቀመጥ። «እኔስ ታርሜያለሁ። ውሃው ግን አልታረመም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ግምገማው ላይ አልተገኘማ። ስብሰባው አራተኛ ፎቅ ስለሆነበት መምጣት አልቻለም።»

የዝውውሩ ነገር ከዚያ በኋላ ሳይነሳ ቀረ፤ አቶ ገረመውም ለምሳ እጃቸውን ሊታጠቡ ምድር ቤት ወረዱ።