ጋሽ ዘውገ እንደገና ምላጭ ያነሱ ጊዜ

አንድ ዘውገ የሚባሉ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከተማውን ሰው ጢም ሲላጩ ኖረው፣ በስድሳ ዓመታቸው ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፓርኪንሰን ነው ተባሉ። ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ሌላ ቤት ለመዱ፤ እሳቸውም ሱቁን ዘጉ።

የሚወስዱት መድኃኒት እየደከመ ሲመጣ ሐኪማቸው ስለ አዲስ ሕክምና ነገራቸው። በሽታው የገደላቸውን የአንጎል ሴሎች እንዲተኩ፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ ከሚችል ግንደ ሴል በላቦራቶሪ ያደጉ የነርቭ ሴሎችን በቀዶ ሕክምና አንጎል ውስጥ መትከል ነው። ገና በሙከራ ላይ ስለሆነ ላይሠራ ይችላል፤ ቢሠራም ሴሎቹ እስኪጠነክሩ ዓመት ያልፋል። ሐኪሙ ምንም አልደበቃቸውም። ጋሽ ዘውገ ከሚስታቸው ጋር ሁለት ቀን መክረው እሺ አሉ።

ስድስት ወር ለውጥ አልነበረም። በስምንተኛው ወር የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው ቆለፉ። በዓመት ከመንፈቁ መንቀጥቀጡ ጨርሶ ባይጠፋም፣ ምላጭ ለመያዝ የሚበቃ እጅ አገኙ። ደስ ብሏቸው ሱቁን ከፈቱ። ሰው ግን በር ላይ ቆሞ እንኳን እግዜር ማረዎት ይላል እንጂ ጢሙን የሚሰጥ ጠፋ።

ለምርመራ ሲሄዱ ይህንኑ ለሐኪሙ አጫወቱት። ቅዳሜ፣ መንገዱ በገበያተኛ በተሞላበት ሰዓት፣ ሐኪሙ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"ዶክተር፣ እጄ ቢስትስ?" አሉ ጋሽ ዘውገ።

"እርስዎ፣ ላይሠራ ይችላል እያልኩዎት ጭንቅላትዎን ሰጥተውኛል" አለ ሐኪሙ። "እኔ በጉንጬ ብሳሳ ነውር አይሆንብኝም?"

ላጩት። አገጩ ሥር ጫር አደረጉት፤ እሱም በጥጥ ይዞ ይቀጥሉ አላቸው። ይህን ከውጭ ሆነው ያዩ ነበሩ። የዚያኑ ቀን አንድ ጡረተኛ መምህር ገባ፤ ሰኞ ሁለት ሰው መጣ። አሁን ጋሽ ዘውገ በቀን ከአምስት ሰው በላይ አይላጩም፤ ይበቃኛል ይላሉ፤ ፊታቸውም ይህንኑ ይመሰክራል።

የታመመን እጅ ሐኪም ሊያክመው ይችላል። ወደ ሥራው የሚመልሰው ግን ደፍሮ የሚያምነው ሰው ነው። ከሕመም ለተነሳ ወዳጃችን፣ በአፋችን ደስ አለን ካልነው በኋላ፣ የትኛውን ሥራ አምነን ሰጠነው?