የወለቀው ትከሻ

አንጓች የምትባል እናት ነበረች። ልጇ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ከወረደ ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቷን መምሬ ዋሴን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸውና፣ «አባቴ፣ ልጄን ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ እያልኩ ዘወትር እጸልያለሁ። ታዲያ ልቤ ስለ ምን አያርፍም? መስጠት ማለትስ እንዴት ያለ ነው?» ስትል ጠየቀቻቸው። መምሬ ዋሴ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

ሥራውን ሰው እንዲነካበት የማይወድ አንድ ገበሬ ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጾሙን ይጾማል፣ ደሀ አይገፋም። ነገር ግን ከእሱ እጅ የወጣ ሥራ ሁሉ የሚበላሽ ይመስለዋል። ሚስቱ የቋጠረችውን ፈትቶ መልሶ ይቋጥራል። ጎረቤቶቹ ደቦ ሲጠሩት ሄዶ ይሠራላቸዋል፤ እሱ ግን ደቦ አይጠራም። «ኧረ ተው፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ቢሉት፣ «ሃምሳችሁም ሎሚዬን ጨምቃችሁ ልትመልሱልኝ!» ብሎ ያልፋቸዋል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አዲስ ቤት ጀመረና የመካከሉን ምሰሶ ብቻውን አነሣ። ምሰሶው ከጉድጓዱ አፍ ተንሸራተተበት። ያን ጊዜ ቢለቀው ደኅና ነበር፤ አልለቅም ብሎ አብሮት ሲወድቅ ቀኝ ትከሻው ወለቀ። ልጆቹ ገና ትንንሾች ናቸው፣ ሞፈር የሚይዝለት ሌላ ሰው የለውም። ክንዱ ካልተመለሰ ማሳው ጦሙን ያድራል፤ ቤተሰቡም እንደ ማሳው። እንዲህም ሆኖ በግራ እጁ እየጎተተ ራሱ ሊመልሰው ሞከረ። ትከሻው አብጦ ሕመሙ አላስቀምጥ ሲለው ነው ሚስቱ ወጌሻ እንድትጠራ የፈቀደው።

ወጌሻው እጁ የተመሰከረለት ሽማግሌ ነበረ። ትከሻውን በቅቤ ካሸ በኋላ፣ «በል ልጄ፣ ክንድህን ስጠኝ» አለው።

«ይኸው፣ ሰጥቻለሁ» አለ ገበሬው።

ወጌሻው ሊስብ ሲጀምር ግን ገበሬው ጥርሱን ነክሶ ክንዱን ገተረ። «ቀስ ይበሉ! በዚህ በኩል! እንዲያ አይደለም!» እያለም ያዝዘው ጀመር። ሽማግሌው ታግሦ ጠበቀው። እንደገና ቢስብ ገበሬው እንደገና ገተረ። በመጨረሻ ሽማግሌው የቅቤውን ዕቃ ከደነና ጋቢውን አንሥቶ ቆመ።

«ወዴት ሊሄዱ ነው?» አለ ገበሬው ደንግጦ።

«ወደ ቤቴ ነዋ። አንድ ክንድ ሁለት ወጌሻ አይስበውም። ወይ አንተ መልሰው፣ ወይ እኔ ልመልሰው።»

«ሰጠሁ አላልኩም እንዴ?»

«ብለሃል። እስኪ ግራ እጅህን ተመልከት» አለው።

ገበሬው ቁልቁል አየ። ግራ እጁ የቀኝ ክርኑን ጨምድዶ ይዟል። መያዙን እንኳ አላወቀም ነበር። ያን ጊዜ ፈራ። የፈራው ሕመሙን አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ አንድም ነገር ለቆ ስለማያውቅ፣ ቢለቅ እሱን ማን እንደሚይዘው አላወቀም። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ያዩታል። ያ ኩሩ ሰው በልጆቹ ፊት አለቀሰ፤ እያለቀሰም ጣቶቹን ፈታና ግራ እጁን ጭኑ ላይ አኖረ። የገተረው ትከሻ ላላ።

ወጌሻው ሳበ። ገበሬው ጮኸ፤ ጩኸቱ ማዶ መንደር ተሰማ። አጥንቱም ቋ ብሎ ከቦታው ገባ።

መምሬ ዋሴ ይህን ተናግረው ወደ አንጓች ዞሩ።

«ሰውዬው ወጌሻ ማስጠራቱና ክንዱን መዘርጋቱ ደግ ነው፤ የእሱ ድርሻ ነበረ። አንቺም ለልጅሽ ስንቅ መቋጠርሽ፣ መጸለይሽ ድርሻሽ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የወጌሻው ነው፤ ወጌሻውም እግዚአብሔር ነው፣ በዚህ በኩል ሳበው ተብሎ አይታዘዝም። አያምም አላልኩሽም፤ ያም ሰው ጮኋል። ልጅሽ በደኅና ይመለሳል ብዬም አልዋሽሽም፤ እኔ አላውቅም። የማውቀው ልጅሽን የያዘውን ነው። አንቺ ግን ጠዋት መቅደሱ ፊት ቆመሽ ሰጠሁህ ትይዋለሽ፤ ቀን ከቆላ የወጣውን መንገደኛ ሁሉ እያስቆምሽ ታስጨንቂያለሽ፤ ሲመሽ ደግሞ ጠንቋይ ቤት ሰው ትልኪያለሽ። አትደንግጪ፣ ሰምቻለሁ። ልጄ፣ ልጅሽን ለእግዚአብሔር ሰጥተሻል፤ ክርኑን ግን እስካሁን አልለቀቅሽለትም።»