የቦራ ወተት በሁዳዴ

ተረቴ ደጃችሁ ደርሷል፤ ጆሯችሁን ስጡት።

ቦራ የምትባል ላም ወተቷን በድርቆሽ ትሸጥ ነበር። ቀበሮ ለአንድ ቅል ወተት ሁለት ሸክም ድርቆሽ ቢሰጣት፣ አንድ ሸክም ብቻ ያመጣችውን ድመት ፊት ነሳቻት።

ሁዳዴ ገባ። ቦራ እንደ ልማዷ ወተቷን ይዛ ቀበሮ ደጅ ብትሄድ፣ «ጾም ይዣለሁ፤ ለፋሲካ ብቅ በይ» ብሎ በሩን ዘጋባት። ፀሐዩ ከረረ። ወተቱ ሊበላሽባት ነው፤ ድርቆሽ ካልተገኘ ጥጃዋስ ምን ሊበላ ነው? እያፈረች ድመት ቤት ሄደች።

«እመት ድመት፣ ዛሬም ትገዢኛለሽ?»

«እኔ ደግሞ መቼ ጾሜ አውቃለሁ? አምጪው!» አለች ድመት፣ ድርቆሹን ከጓዳ እየጎተተች። ቦራ እፎይ አለች።

በፋሲካ ማለዳ ቀበሮ ሦስት ሸክም ይዞ መጣ።

«ወተቱ ድመት ቤት ገብቷል፣ አያ ቀበሮ» አለችው ቦራ። «ለሁዳዴ ብቅ በል።»

ተረቴን ጨረስኩ፤ አፌን በእርጎ አብሱልኝ።