ሦስት ሌሊት ያደረ ሁሉ

የአንዲት ባልቴት ላም ገመዷን በጥሳ ከፊታውራሪ ደምለው በረት ገባች። ፊታውራሪ ሦስት ሌሊት አሳድረው «አልመልስም» አሉ። ባልቴቷ ከላሟ ወተት ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትምና ከችሎት ቀረበች።

ከከተማ የመጡት ዳኛ እጅግ የተማሩ ስለነበሩ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። «ከሰው ግቢ ሦስት ሌሊት ያደረ ሁሉ የግቢው ጌታ ንብረት ነው!» ብለው ፈረዱ።

ባልቴቷ እንባዋን ዋጥ አድርጋ እጅ ነሳች። «ጌታዬ፣ ይህ ፍርድ ለላም ብቻ ነው?»

ዳኛው ደስ አላቸው። «ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ! የእኔ ፍርድ ለበቅሎም፣ ለውርስም፣ ለጋብቻም ይሠራል። ከዛሬ ጀምሮ ሕግ ነው። ጻፍ!» አሉት ጸሐፊውን። ጸሐፊውም ጻፈ።

«እንግዲያስ የላሜ ነገር ይቆየኝ» አለች ባልቴቷ። «እርስዎ አገራችን ከገቡ ጀምሮ ከፊታውራሪ ግቢ እየበሉ እየጠጡ አምስት ሌሊት አድረዋል። በፍርድዎ መሠረት የፊታውራሪ ንብረት ሆነዋል ማለት ነው። የላሜን ነገር የሚያይልኝ ጌታ የሌለው ዳኛ ይፈለግልኝ!»

ችሎቱ በሳቅ ሲናወጥ ዳኛው ወደ ጸሐፊው ጎንበስ ብለው «ሰርዘው» አሉ። ላሟም የዚያን ዕለት ከባልቴቷ ደጅ ታለበች።