ቬንቲሌተር ፊት የተፈተነው ኮምፒውተር

አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ውብሸት ይባላል። ጋራዥ የለውም። የሚሠራው ሳሎኑ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰዎች የሚያመጡለት የሞተር ኮምፒውተር ነው፤ ነዳጅ መቼና ምን ያህል ወደ ሞተሩ እንደሚረጭ የሚያዘውን ሳጥን ማለት ነው። ውብሸት ሳጥኑን ከባትሪ ጋር ያገናኝና በነዳጅ መርጫዎቹ ቦታ ትንንሽ አምፖሎች ይተካል። ሳጥኑ ደህና ከሆነ አምፖሎቹ በየተራ ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ከታመመ አንዱ ተራውን ይዘላል፣ ወይም ሁሉም ድርግም ይላሉ።

ውብሸት እጁ ጎበዝ ነው፤ ልቡ ግን ፈሪ ነው። የሚፈራው ኮረንቲ ሳይሆን ስሙ እንዳይጠፋ ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለውን አባባል በሆነ ባልሆነው ይደጋግመዋል። የማን መቃብር እንደሆነ ግን አስቦ አያውቅም።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ሾፌር ጋሽ ታረቀኝ፣ መኪናው አቀበት ላይ እየጠፋ ቢያስቸግረው ኮምፒውተሩን አስነቅሎ አመጣለት። ውብሸት ከፈተው፤ አንድ የላላ ብየዳ አገኘና በየደው። ጠረጴዛው ላይ ሲሞክረው አምፖሎቹ ተራቸውን ጠብቀው በሩ። ጥቂት ቆይቶ ሳጥኑ ሲግል ግን አንደኛው መዝለል ጀመረ። ውብሸትን ላብ አጠመቀው። እንደገና ከፍቶ መፈለግ ሲገባው ቬንቲሌተር አምጥቶ ሳጥኑ ላይ ደገነበት። ሳጥኑ ቀዘቀዘ፤ አምፖሎቹም ተስተካከሉ። እፎይ አለ።

ባለቤቱ ዘርፌ ከጓዳ ስትወጣ ይህን አይታ፣ «መኪናው ውስጥ ማን ሊያራግብለት ነው?» አለችው።

«አንቺ ደግሞ! ኮምፒውተር ሙቀት አይስማማውም፤ ይሄ ማንም የሚያውቀው ነው» ብሎ ተቆጣ። የተቆጣው እውነቷን ስለሆነ ነው።

ጋሽ ታረቀኝ ሳጥኑን ሊወስድ መጣ። «እህ፣ ልተማመንበት?»

«ጠረጴዛዬ ላይ በደንብ ሠርቷል፣ ጋሼ።»

አልዋሸም፤ እውነቱንም አልተናገረም። ሾፌሩ መርቆት ሄደ። ምርቃቱ ግን ውብሸትን እንደ እርግማን አስጨነቀው።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተው። ምሳ ቀርቦለት አልበላም። መኪና ባለፈ ቁጥር ጆሮው ይቆማል። ከሰዓት በኋላ ዘርፌ ከጎረቤት ተመልሳ፣ «የወፍጮ ቤቱ የአቶ ደምሴ ልጅ ምጥ ጠንቶባት በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል እየወሰዷት ነው» አለችው። ሆስፒታሉ ያለው ከረጅሙ አቀበት ማዶ ነው። መሃል ላይ ቤትም ሰውም የለም።

ውብሸት ስልኩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ቢደውል ነገ ከተማው ሁሉ መሳቂያ ያደርገዋል። ምናልባት ደህና ይወጣ ይሆናል። ምናልባት ዛሬ ያን ያህል አይሞቅም።

በመጨረሻ ደወለ። «ጋሼ፣ የት ደረሱ?»

«አቀበቱ ሥር ነኝ፤ ምነው?»

«በማርያም ይዤዎታለሁ፣ አይውጡ! ሳጥኑ ሲግል ይስታል። በዓይኔ አይቼ ደብቄዎት ነው።»

ለአፍታ የሴቲቱ ጩኸት ብቻ ተሰማ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ውብሸት ደጋግሞ ሞከረ፤ የሚያነሳለት አጣ። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ መንገድ መንገዱን ሲያይ ዋለ።

ሊመሽ ሲል ጋሽ ታረቀኝ በሰው መኪና መጣ። ሳጥኑን ብብቱ ሥር ይዞታል።

«ማርያም ማረቻት» አለ ሳይቀመጥ። «አንድ ፒካፕ አስቁሜ ነው ያሳፈርኳት። እኔ ባዶውን አምቡላንስ ይዤ አቀበቱን ሞከርኩት። ግማሹን እንኳ ሳልወጣ ቀጥ አለብኝ።»

ውብሸት አንገቱን ደፋ። «አፈርኩ፣ ጋሼ።»

«እፈር፤ ማፈር ያለ ነው። ለነገ አቆይተኸው ቢሆን ግን የምንገናኘው ልቅሶ ቤት ነበር» አለና ሳጥኑን አስረከበው። «በል አሁን እስኪታመም አሙቀው፤ ከዚያ አክመው።»

ወዳጄ፣ ብዙዎቻችን ራሳችንን የምንፈትነው ለማለፍ ብቻ ነው። ትዕግሥታችንን ማንም ባላስቆጣን ቀን፣ ወዳጅነታችንን በድግስ መሃል እንለካና «ደህና ነኝ» እንላለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እኛ በደበቅነው በሽታ ደግሞ መንገድ ላይ የሚቀረው አምኖን የተሳፈረው ሰው ነው። ውብሸት ዘግይቷል፤ ግን ደውሏል። አንተስ፣ እውነቱን ልትነግረው አስበህ ስልኩን መልሰህ ያስቀመጥክበት ሰው ማን ነው? አቀበቱን ሳይጀምር ደውልለት።