ባዶ ቀን የፈለገው ንጉሥ

አንድ ንጉሥ ነበር፤ ሲያስነጥስ ሦስት አገር ተነሥቶ "ይማርዎት" የሚለው። ይህ ንጉሥ የማንም ደስታ፣ የማንም ሐዘን ያልነካው፣ ለስሙ ብቻ የሚከበር ቀን አማረው። ታሪክ ጸሐፊውን አለቃ ድንበሩን ጠርቶ፣ "በሰባት ቀን ውስጥ ባዶ ቀን ፈልገህ አምጣ። አለዚያ አንገትህን!" አለው።

አለቃ ድንበሩ ዘጠኝ በቅሎ እስኪያነክስ ዞረ። እኔ ዘጠኝ አልኩ እንጂ አሥራ አንድ የሚሉም አሉ። የጠራው ቀን ሁሉ ባለቤት አለው። ጥቅምት አምስት ቢል፣ በአንዱ መንደር አንበጣ የገባበት፣ በሌላው ጠላት የሸሸበት፣ ማዶ ደግሞ ሁለት ደመኞች የታረቁበት ሆኖ ተገኘ። በሰባተኛው ቀን አንድ ነገር ብልጭ አለለት፦ ጳጉሜን ስድስት! በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትልን ቀን ማን ይደርስባታል?

ነጋሪት ተጎሰመ። "ጳጉሜን ስድስት የንጉሡ ብቻ ነው! ሌላ ድግስ፣ ሌላ ለቅሶ ክልክል ነው!"

ማንጠግቦሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ሕዝቡን ጥሳ ወጣች።

"ጃንሆይ፣ እናቴ ያረፈችው በዚያች ቀን ነው። ሰው የእናቱን ሙት ዓመት በየዓመቱ ያስባል፤ እኔ አራት ዓመት እጠብቃለሁ። ይቺንም ሊወስዱብኝ ነው?"

አለቃ ድንበሩ አንገቱን ዳበሰ። ንጉሡ ግን ከዙፋኑ ጎንበስ አለ።

"በዚያ ቀን ሌላ ምን ሆነ?"

"እናቴ በጓዳ ስታርፍ የወንድሜ ሚስት በእልፍኝ ወለደች። ጎረቤቱ እልል ይበል ዋይ ይበል ግራ ቢገባው፣ ሁለቱንም ባንድ አፍ አለው።"

ንጉሡ ሳቀ። ከዚያም "ሌላስ?" እያለ ሕዝቡን ሲጠይቅ መሸ። አንዱ ምንጭ የፈለቀበት ነው አለ፤ አንዱ ሽማግሌ የጠፋች አህያው ራሷ መጥታ በሩን ያንኳኳችበት ነው ብሎ ማለ።

"አለቃ፣ ባዶ ቀን አላገኘህልኝም። ምን ትላለህ?"

"ጃንሆይ፣ ባዶ ቤት የሚፈልግ ሌባ ነው። የክብር እንግዳማ ሰው ያለበት ቤት ይገባል።"

ንጉሡ ገብስ ተዘርቶ እስኪታጨድ ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየ። በመጨረሻ አዋጁን ሻረ። ጳጉሜን ስድስት ሲደርስም በግ አስነድቶ ማንጠግቦሽ ቤት ሄደ፤ ከለቀስተኞቹ መሐል ተቀመጠ። አለቃ ድንበሩም አንገቱ ሳይጎድል፣ የሟቿን፣ የሕፃኑን፣ የምንጩንና የአህያዋን ነገር ጻፈና ከሥር "ንጉሡም በእንግድነት መጣ" ብሎ ጨመረ።

ቀን የአንድ ሰው ርስት አይደለም። እኛ የምንጨፍርበት ዕለት ለሌላው የዕንባ ዕለት ነው፤ ተራ ያልነውም ቀን የአንድ ሰው ዕድሜ የተቀየረበት ነው። የዛሬው ቀን ለጎረቤትዎ ምኑ እንደሆነ ጠይቀውት ያውቃሉ?