የግማሽ ቤት ኩላብ

ከወንዙ ማዶ፣ ወደ ገበያ ሲወጡ በስተግራ የሚታየው ጉብታ «ግማሽ ቤት» ይባላል። በላዩ ቤት የለም፤ ግማሽም የለም፣ ሙሉም የለም። ያለው የስንት ዘመን ክረምት ያልናደው፣ ፍየል የሚታከክበት አንድ ረዥም የድንጋይ ግድግዳ ብቻ ነው። መንደሩም ስሙን ከዚሁ ጉብታ ወርሶ ግማሽ ቤት ይባላል። የአገሩ ሰው ከየት ነህ ሲባል «ከግማሽ ቤት» ይላል፤ ጠያቂው ከሳቀበት ቆም ብሎ አንዴ ያየዋል፤ ያም ሰው ሁለተኛ አይስቅም።

የግማሽ ቤት ሰዎች ሲዳሩ ከሌላው አገር የሚለዩበት አንድ ልማድ አላቸው። ሙሽራዪቱ በበቅሎ ከደጃፉ ትደርሳለች እንጂ አትወርድም። ሙሽራው ካባውን ያወልቅና እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከቤቱ ግድግዳ ላይ በገዛ እጁ የወይራ ኩላብ ይመታል። ሚዜ አያግዘውም፤ ጣቱን ቢመታም ማንም አያዝንለትም። በዚያ ኩላብ ላይ የሙሽራዪቱ ክራር ይሰቀላል፤ ክራር ከሌላት ዋሽንቷ፣ ዋሽንት ከሌላት ከበሮዋ። ትችልበታለች ወይ ተብሎ አይጠየቅም፤ መቻልና አለመቻሏ የራሷ ጉዳይ ነው። ጎረቤቶች በዚህ ሲተርቡ «የግማሽ ቤት ሴት ስትጫወት ባሏ ይፈጫል» ይላሉ። ይበሉ! ቢፈጭስ? ዱቄቱ ያው ዱቄት ነው።

እንደሚነገረው ነገሩ የተጀመረው መኳንንቱ እርስ በርሳቸው ሲፋጁ በነበረበት በዚያ ክፉ ዘመን ነው። የለም፣ ከዚያ ወዲህ ነው የሚሉም አሉ። በዘመኑ የሚከራከሩት ሽማግሌዎች ስሟ ላይ ሲደርሱ ግን አንድ አፍ ይሆናሉ፤ የውብዳር ትባል ነበር። የባላባት ልጅ ናት። ልጅ ሳለች አጎቷ ከዘመቻ ሲመለስ ገላው የተሰነጠቀ አንድ ክራር ይዞ መጥቶ ኖሮ፣ እሱ ከጓሮ ጣለው፣ እሷ አነሣችው፤ ስንጥቁን በሰም ደፈነችና የራሷ አደረገችው። ማን እንዳስተማራት የሚያውቅ የለም። ያስተማራት ያለም አይመስልም፤ እውነቱን ለመናገር የውብዳር ያን ያህል የምትችልበት አልነበረችም ይባላልና። ይህን የሚሉት ደግሞ ምቀኞቿ አይደሉም፤ የገዛ ዘመዶቿ ናቸው። የምታውቀው ዜማ ጥቂት ነው፣ ድምፅዋ ጎርናና ነው፣ ክራሩን እስክትቃኝ ሰሚ ይሰለቻል። ነገር ግን አንድም ቀን ክራሯን ሳትነካ አልመሸባትም። ሥራዋን ጨርሳ፣ እጇን ታጥባ፣ ክራሩን ከጉልበቷ ስታሳርፍ የዋለችበት ድካም ከትከሻዋ ሲወርድ ይታወቃት ነበር። ለማንም ብላ አልነበረም። ደስ ስለሚላት ነበር፤ በቃ።

በዚያን ጊዜ ግን ክራርና መሰንቆ የአዝማሪ ነው፣ የጨዋ ልጅ ከያዘ በገና ይያዝ፣ እሱንም ለጾም ይባል ነበርና፣ ግራዝማች እንግዳወርቅ ሊያገባት ሲል ክራሩን ከጓዳ እንዳታወጣ ቃል አስገባት። ሰው እስካልሰማ ድረስ እሱ ግድ እንደሌለው ነገራት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስሙን የሚወድ ሰው ነበር። የውብዳርም ትወደው ነበርና ቃሏን ጠብቃ ብዙ ዓመት ከጓዳ ተጫወተች።

ከዕለታት አንድ ቀን ስማቸው ዛሬ የተረሳ አንድ ደጃዝማች በዚያ አገር ሲያልፉ ከግራዝማች ቤት ሊያርፉ ሆነ። ሰንጋ ተጣለ፣ ጠጅ ተቀዳ፣ ከአዳራሹ በር ላይ አንድ ቀጭን አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ተቀመጠ። የውብዳር ከማለዳ ጀምራ ስትቆም ስታዝ ውላ፣ ማዕዱ ሁሉ ከቀረበ በኋላ ጓዳ ገብታ ተቀመጠች። አዳራሹ ሁካታ ነው፤ እንኳን ክራር ነጋሪት ቢመታ አይሰማም ብላ ክራሯን አነሣች። ይሁን እንጂ በመካከሉ ቄሱ ማዕዱን ሊባርኩ ተነሡና አዳራሹ በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲል፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ነበርና አላወቀችም። ክራሩ ብቻውን ቀረ።

በዚያ አገር ልማድ ሥጋ የሚደለደለው እንደ ማዕረጉ ነው። ሻኛው ለጌታ፣ ሽንጡ ለክቡር እንግዳ፣ አንገቱ ደግሞ ለአዝማሪ ነበር ይባላል። የደጃዝማች ሥጋ ደልዳይ በሥራው የማይታማ ጥንቁቅ ሰው ስለ ነበረ፣ ክራሩን ሲሰማ የቤቱ አዝማሪ ከጓዳ እንዳለች ተረዳ፤ የቤቱ አዝማሪ ከመጤው ይቀድማልና አንገቱን በሌማት አድርጎ ወደ ጓዳ ላከው። የያዘው አሽከር ገብቶ «ለአዝማሪዋ ነው» ብሎ ከእመቤቲቱ ፊት አስቀመጠላት።

የውብዳር ሥጋውን አየች። በመጋረጃውም ቀዳዳ በር ላይ የተቀመጠውን ያን ቀጭን ሰው አየችው፤ ድርሻው ዓይኑ እያየ ወደ ጓዳ ሲገባበት መሰንቆውን ወደ ደረቱ ሳብ ብቻ አድርጎ ነበር። ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ተዳፍኖ በቀረ ነበር። አሽከሩም አያውቃት፣ እንግዳውም አያያት፣ ባሏም ምራቁን ዋጥ አድርጎ ባሳለፈው ነበር። እሷ ግን ሌማቱን አንሥታ፣ ጌጧንና ካባዋን እንዳደረገች በአዳራሹ መካከል አልፋ፣ ከአዝማሪው ፊት አስቀመጠችው።

«ድርሻህ ተሳስቶ ከእኔ ገባ» አለችው። «ጓዳ ሲጫወት የሰማችሁት እኔ ነኝ። ላንተ እንጀራህ ነው፤ ለእኔ ደስታዬ ነው። ብላ።»

ደጃዝማች እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ እሳቸውስ ደስ ብሏቸው ነበር ይባላል። ግራዝማች እንግዳወርቅ ግን ፊቱ ዐመድ መሰለ። የእሱ ሚስት፣ የአዝማሪ ሥጋ የተላከላት! አገር ያወራዋል፣ ጠላት ይዘፍነዋል። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ክራሩ ከደጅ ይቃጠል ብሎ አዘዘ፤ እሷም አይሆንም አለች። በዚህ የተነሣ ሽማግሌ ተቀመጠ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ቢተው የሚባል፣ ዕርቅ በማበጀት የታወቀ ሰው ነበር። እሱም ከሁሉ የሚበጅ ያለውን መላ አመጣ። የተጫወተችው ገረድ ነበረች፣ እመቤቲቱ ለእሷ ብላ ነው በራሷ ላይ ያደረገችው ይባል፤ ገረዲቱ ለሰው ዓይን ያህል ትንሽ ትገረፍ፤ ክራሩ ይቃጠል፤ የግራዝማችም ስም ይንጻ። ሁሉም «ይበል» አሉ። ገረዲቱን የጠየቃት የለም። የውብዳር ቀስ ብላ ተነሣችና በእሷ ጣት ለተመታ ክራር ሌላ ሰው እንደማይገረፍ፣ በልጅነቷ ሰም ደፍና ያዳነችውንም ነገር ስታረጅ እንደማታቃጥል ነገረቻቸው። ያን ጊዜ ግራዝማች ታገሠ ታገሠና፣ ወይ ክራሩን ወይ እሱን እንድትመርጥ በሽማግሌ ፊት ጠየቃት።

ከዚያ ሰው ጋር ልጅ ቀብራለች፣ ክፉ ቀን አሳልፋለች፤ ትታው መሄድ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች።

«ሁለታችሁንም ይዤ ኖሬያለሁ» አለችው። «ክራሩ አንድም ቀን እርስዎን ጣዪ ብሎኝ አያውቅም። እንካፈል።»

ጋብቻቸው በሰማንያ ነውና ሀብታቸው እኩል ነው። ከብቱ ተቆጠረ፣ እህሉ ተሰፈረ። ግራዝማች የመሰለው ድርሻዋን ይዛ ወደ አባቷ አገር የምትሄድ ነበር። እሷ ግን ቤቱም እኩል ነው፣ ግማሹን እዚሁ እፈልጋለሁ አለች። አያ ቢተው ቤት እንደ ሙዳ ሥጋ አይቆረጥም ብሎ ቢለምን፣ ቢያስለምን አልሰማችም። ቤቱ ረዥም ሰቀላ ስለ ነበረ፣ ከጣሪያው ወራጅ ጠፍር አውርደው እኩል ከፈሉት፤ በጠፍሩም ልክ የድንጋይ ግድግዳ ገባበት፤ ለእሷም በምሥራቅ በኩል በር ተፈለፈለላት። የግድግዳው ምርጊት ሳይደርቅ በገዛ እጇ የወይራ ኩላብ መታችበትና ክራሯን ሰቀለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጓዳ ተጫውታ አታውቅም። ሲያሻት ከደጃፍ፣ ሲያሻት ከዋርካው ሥር ሆነች።

አገሩ መጀመሪያ አወገዛት። የማኅበር ሴቶች ተራዋን ዘለሏት፤ ውኃ ቀጂው መንገድ ቀየረባት። የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ሩፋኤል ንስሐ ከለከሏት፤ በገና ብትይዝ ግን ይቅር እንደሚሏት ነገሯት። እሷም «አባቴ፣ ዳዊት አሥር አውታር መትቶ ከጸደቀ እኔ በስድስት ብኮነን ፍርዱ የማን ነው?» አለቻቸው ይባላል። እሳቸው ይህን ነገር እስኪሞቱ አልረሱላትም። ሴቶቹ ግን እያደር እንጨት ለቀማ ብለው ሲወጡ በእሷ ደጅ ማረፍ ለመዱ፤ አንዷ ከበሮ ይዛ መጣች፣ አንዷ የወንድሟን ዋሽንት ሰርቃ መጣች።

ግራዝማችስ? ግራዝማች ሌላ አላገባም። መጀመሪያ ግድግዳውን አስወፈረ። ቀጥሎ አልጋውን ወደ ወዲያኛው ጫፍ አስወሰደ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ አልጋውን መልሶ ከግድግዳው ሥር አስጠጋው። ምነው ቢሉት ወዲያኛው ጫፍ ያፈሳል አለ። ጣሪያ ሠሪ መጥቶ ቢፈትሽ ደረቅ ነው፤ ግራዝማች «ያፈሳል ብያለሁ» ብሎ አባረረው። ከየውብዳር ጋር ግን ቃል አልተነጋገሩም፤ ኩራት ሁለቱንም ጠፍሮ ይዟቸው አረጁ።

በመጨረሻ የውብዳር ታመመችና ከአልጋ ዋለች። ጣቷ ሲዝል እንኳ ክራሩን ከጎኗ አድርጋ አንድ አንድ አውታር ትነካ ነበር። አባ ወልደ ሩፋኤልም ሽማግሌዎቹን አስከትለው መጡ፤ ክራሩ ከዓይናቸው ፊት ካልተቃጠለ ፍትሐት እንደሌላት፣ ሥጋዋም ከቤተ ክርስቲያን አጸድ እንደማይገባ ነገሯት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከልጇ አጽም ተለይታ እንደ ወንበዴ ከጫካ ልትጣል ነው። የውብዳር አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ ግን «እንግዲያው የጣላችሁኝ ጣሉኝ፤ የተደሰትኩበትን ግን ኃጢአት ነው ብዬ ለእግዚአብሔር አልዋሽም» አለች።

ይሄኔ የምሥራቁ በር ተከፈተ። ግራዝማች እንግዳወርቅ በዚያ በር ሲገባ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር፤ በከዘራ ተደግፎ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ገባ። ማንንም ሰላም ሳይል ከአልጋው አጠገብ ቆመ።

«አያ ቢተው፣ ስንካፈል ዳኛው አንተ ነበርክ» አለ። «ከብቱን ተካፈልን፣ እህሉን ተካፈልን፣ ቤቱንም ይኸው ከፈልነው። ክራሩን ተካፍለናል?»

አያ ቢተው አሰበና ክራሩ እንዳልተቆጠረ መሰከረ። ግራዝማች ያን ቀን የክራሩን ስም መጥራት አፍሮ፣ ከዕቃው ጋር ሳያስቆጥረው ቀርቶ ነበር።

«ስለዚህ ግማሹ የእኔ ነው» አለ ግራዝማች። «አባቴ፣ የእሷን ግማሽ ማቃጠል ከፈለጉ የቱ እንደሆነ ያሳዩኝ። የእኔን የሚነካ ሰው ግን ከእኔ ጋር በዳኛ ይቆማል። ኃጢአት ነው ካሉም እኩሌታው በእኔ ላይ ነው፤ እኔንም ይገዝቱኝ፣ እኔም አልቀበር። እሷ በተጣለችበት ጣሉኝ።»

አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ አዛወሩ። አንዲት አቅመ ቢስ ሴት መከልከል ይችሉ ነበር፤ በሙግት የታወቀ ባላባትን በሞቱ ጊዜ አገር ሁሉ እያየ ከጫካ መጣል ግን ሌላ ነገር ነው። ሽማግሌዎቹም መሬት መሬት ያዩ ጀመር። በመጨረሻ አባ አጉረምርመው መጽሐፋቸውን ገለጡ።

የውብዳር ባሏን ቀና ብላ አየችው።

«ዘገዩ እኮ» አለችው።

እሱም «ዘገየሁ» አለ እንጂ ሌላ ምክንያት አልደረደረም። ከኩላቡ ሥር ተቀመጠ። በማግስቱ አረፈች፤ ከልጇ ጎን ተቀበረች።

ግራዝማች ከዚያ በኋላ በግድግዳው በራሱ በኩል ኩላብ መትቶ ክራሩን ሰቀለ፤ ከቀብሯም ማግስት ጀምሮ በየቀኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይሞክር ነበር ይባላል። እሷ ብዙም አትችልበትም ካልን፣ እሱማ ጭራሽ ጆሮ የሚያሳክክ ነበር። ሰዎች ቢያማርሩ «ምን ላድርግ፣ የእኔ ግማሹ ብቻ ነው» ይል ነበር። እስኪሞት አልተወውም።

ዛሬም በግማሽ ቤት ሙሽራው ኩላቡን መትቶ ሲጨርስ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ክራሩን ከፍ አድርጎ ይይዝና የማን ነው ብሎ ይጠይቀዋል። ሙሽራው ጎረቤት አገር እየሰማ፣ ሚዜዎቹ እየሳቁበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ግማሹ የእኔ ነው» ማለት አለበት። ያለ እንደሆነ ክራሩ ይሰቀላል፣ ሙሽራዪቱም ትወርዳለች። አፍሮ ያጉተመተመ፣ ወይም አንገቱን የሰበረ እንደሆነ ግን በቅሎዋን ታዞራለች። ድግሱ ምንም ያህል ቢደገስ፣ አማቾቹ ምንም ያህል ቢከብሩ ታዞራለች፤ አዙረው የሄዱም አሉ፤ እስከ ዛሬም ለምን ሄድሽ ብሎ የወቀሳቸው የግማሽ ቤት ሰው የለም።